ክሊኒካል ፓቶሎጂ የት ልማር? ቢሾፍቱ፣ ፕሪቶሪያ ወይስ የባሕር ማዶ ሬዚደንሲ

«ዶክ፣ በክሊኒካል ፓቶሎጂ መቀጠል ፈልጌ ነበር፤ የት ይሻለኛል?» አራት ኪሎ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ፣ ከወጣት የእንስሳት ሐኪሞች ጋር ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል። ክሊኒካል ፓቶሎጂ የእንስሳን በሽታ ከደም፣ ከሽንትና ከሴል ናሙና በላብራቶሪ የሚለይ ሙያ ነው። ጥያቄው ሁሌም የሀገር ስም ይዞ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ወይስ አውሮፓ? ደቡብ አፍሪካ ወይስ እዚሁ?

እኔ ከሀገሩ በፊት ሥራውን ነው የምጠይቀው። ስትጨርሱ ምን ልትሠሩ ነው? ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጣችሁ ስላይድ ማንበብ? ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ማስተማር? ወይስ አሁን የምትሠሩበት ክሊኒክ ውስጥ ውጤቱ የሚታመን ላብራቶሪ ማቋቋም? ሦስቱ ሰዎች አንድ በር ላይ መሰለፍ የለባቸውም።

ለሦስቱም የሚሠራ ነገር ግን አለ። ይህ ሙያ በዓይን ነው የሚለመደው። መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ሊምፎማን፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰርን፣ ሌላ ሕመም ቆስቁሶት ካበጠ ካንሰር የሌለበት ንፍፊት የሚለይ ሰው አላየሁም። የሚለየው ብዙ ስላይድ ያየ ሰው ነው፤ ሲስትም አጠገቡ ሆኖ «ተው እንጂ፣ ደግመህ እየው» የሚለው ታላቅ የነበረው። ስለዚህ ፕሮግራም ስመዝን የዩኒቨርሲቲውን ስም ወደ ጎን አደርገዋለሁ። በቀን ስንት ናሙና ይገባል? እኔ ያነበብኩትን ማን አይቶ ይፈርምበታል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የማይመልስ ፕሮግራም የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ለዚህ ሙያ አይሆንም።

ዲግሪና ሬዚደንሲ አንድ አይደሉም

ሰው በጣም የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ማስተርስና ፒኤችዲ የትምህርት ማዕረግ ናቸው። ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ ምርምር ትሠራላችሁ፣ ቴሲስ ጽፋችሁ ፈታኞች ፊት ትቆማላችሁ። ሬዚደንሲ ወደ ሥራ ያደላል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ በየቀኑ ከታመመ እንስሳ የመጣ ናሙና ታነባላችሁ፣ ሪፖርት ትጽፋላችሁ፣ አለቃችሁ ያርመዋል። መጨረሻ ላይ የስፔሻሊስቶች ኮሌጅ ይፈትናችኋል። ሁለቱን አጣምረው የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ሬዚደንሲው ላይ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ይጨምራሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ይረዝማል።

ሁለተኛው ማምታቻ «ፓቶሎጂ» የሚለው የፕሮግራም ስም ነው። እኛ ጋ ፓቶሎጂ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የሞተ እንስሳ ከፍቶ ማየትና የቲሹ ምርመራ ነው። እሱ አናቶሚክ ፓቶሎጂ ነው። የክሊኒካል ፓቶሎጂ ሥራ በአብዛኛው በሕይወት ካለ እንስሳ ጋር ነው፦ ደም፣ ሽንት፣ ከሆድና ከደረት የሚቀዳ ፈሳሽ፣ ከዕብጠት በመርፌ የሚወሰድ ሴል። የአሜሪካ የእንስሳት ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ሁለቱንም ዘርፍ ይይዛል፣ የሚፈትናቸው ግን ለየብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ ክሊኒካል ፓቶሎጂ የራሱ ኮሌጅ አለው። እዚህም ሆነ ውጭ ስታመለክቱ የኮርስ ዝርዝሩን አውጡ። ሄማቶሎጂ (የደም ሴሎች ጥናት)፣ ሳይቶሎጂ (ሴልን በማይክሮስኮፕ ማየት) እና ክሊኒካል ኬሚስትሪ (በደም ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ልኬት) ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ተመልከቱ። ሦስቱ በአንድ ኮርስ ውስጥ ተጠቅጥቀው ካለፉ፣ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

ቢሾፍቱ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ከመሀል አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ሥራ የጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ከተማ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምና የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ማለትም ፓንቫክ፣ አሉ። ወደ ምዕራብ ስትወጡ ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ጎንደር፣ ጅማና ሐሮማያም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ። ኑሯችሁ ወደዚያ ከሆነ አዲስ አበባ ካልሆነ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ገንዘብ መቆጠቡ ብቻ አይደለም። የምትማሩት በኋላ በምታክሟቸው እንስሳት ላይ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ።

አንድ የማውቀው ክሊኒክ የፍየል ደም ወደ ሰው ላብራቶሪ ላከ። ማሽኑ አላጉረመረመም፤ ቆንጆ ወረቀት አትሞ ሰጠ። ቀይ የደም ሴል እጅግ ዝቅተኛ፣ ደም የሚያረጋው ትንሹ ሴል፣ ፕላትሌት፣ ደግሞ ሰማይ የነካ። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ፍየሏ ልትሞት ነው ብሎ ተጨነቀ። ፍየሏ ቆማ ሳር ታመነዥጋለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ቀይ የደም ሴል መጠኑ ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር ነው። የፍየል ከ16 እስከ 25 ብቻ ነው። ለሰው የተሠራው ማሽን ያችን ትንሽ ሴል ሲያይ ፕላትሌት ናት ብሎ ይቆጥራታል። ያንኑ ደም በቀጭን የሄማቶክሪት ቱቦ አድርጎ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ማሽከርከር፣ አንድ ስሚር፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ የተቀባ ደም፣ ሠርቶም ጊምሳ በሚባለው ቀለም ቀልሞ ማየት ነገሩን ይጨርሰው ነበር። የግመል ቀይ ሴል ደግሞ ሞላላ ነው፤ ያንን ያላየ ሰው ስሚሩ ተበላሸብኝ ብሎ ይጥለዋል። ባሕር ማዶ የውሻና የድመት ስላይድ በገፍ ታያላችሁ። የግመል ስሚር በገፍ የሚያሳያችሁ ቦታ ግን ጥቂት ነው።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር እንስሳ ደሙ ወፍራም ይሆናል፤ ኦክስጅኑ ሲሳሳ አካሉ ቀይ ሴል ይጨምራል። መጽሐፍ ላይ የውሻ ፒሲቪ፣ ማለትም ቀይ ሴል ከደሙ የሚይዘው ድርሻ፣ ከ37 እስከ 55 በመቶ ነው ይላል። ይህ ቁጥር የወጣው ግን የእንጦጦን አየር ከሚተነፍሱ ውሾች አይደለም። የራስን መነሻ ቁጥር፣ ማለትም ጤነኛ እንስሳ የሚገኝበትን መጠን፣ ለማውጣት የሚመከረው ቢያንስ 120 ጤነኛ እንስሳት መርምሮ ነው። ሌላ ቦታ የወጣውን ቁጥር እኛ ጋ ይሠራ እንደሆነ ለማጣራት 20 ጤነኛ እንስሳት ይበቃሉ። እነሆ የማስተርስ ቴሲስ! የተለፋበት፣ ክሊኒኩ ነገ ጠዋት የሚጠቀምበት። አማካሪያችሁ ሌላ ርዕስ ሊሰጣችሁ ሲል ይህን ይዛችሁ ብትቀርቡ አይቆጭም።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። በሀገራችን ላብራቶሪ ችግሩ ብዙ ጊዜ የማሽን አይደለም። ማሽኑ አለ፣ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተሸፍኖ አለ። የሌለው ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ነው። ስለዚህ ልትመዘገቡ ስትሄዱ «ምን ማሽን አላችሁ?» አትበሉ። «ባለፈው ወር ስንት ናሙና ሠራችሁበት?» በሉ። በየቀኑ ኮንትሮል፣ ማለትም ማሽኑን ለመፈተን ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ ይሮጥ እንደሆነም ጠይቁ። ኮንትሮል የማይሮጥበት ማሽን ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ውጤት ስለመሆኑ ግን ዋስትና የለውም።

ሌላው ጉድለት ቁጭ ብሎ ስላይድ የሚያሳይ ሰው ማነስ ነው። ይህን ግን መሀል ከተማ ያለ ሰው በከፊል ሊሞላው ይችላል። ጥቁር አንበሳ የሰው ፓቶሎጂስቶች አሉ። በአግባቡ፣ በደብዳቤ ጠይቃችሁ ሳይቶሎጂ ሲያነቡ አጠገብ መቀመጥ ከተፈቀደላችሁ ትልቅ ዕድል ነው። የሰው ሴልና የውሻ ሴል የካንሰር ምልክታቸው ብዙ ይመሳሰላል። ሰፈረ ሰላም ካምፓስ ደግሞ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ የቆላና የተላላፊ በሽታዎች ማስተርስ ያስተምራል። ክሊኒካል ፓቶሎጂ አይደለም። ግን ከሥራ ቦታው መራቅ ለማይችል፣ የላብራቶሪ እጅ ማፍቻ ለሚፈልግ ሰው የሚናቅ አይደለም።

የመንገድ ውሾቻችንም ራሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው። በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ሞልቷል። ከብልቱ ላይ ካለው ዕጢ ስላይዱን ተጭናችሁ አንሱ፣ አድርቁ፣ ቀልሙ። ክብ ክብ ሴሎች፣ ሳይቶፕላዝማቸው ውስጥ በመርፌ የተበሳ የሚመስሉ ጥርት ያሉ ጉድጓዶች ተደርድረው ታያላችሁ። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ቄራ ያለው የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅትም ፈቃድ ካገኛችሁ የከብትና የበግ ናሙና ምንጭ ነው። ስሚሩን ግን እዚያው ሥሩት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው ኢዲቲኤ ቱቦ ውስጥ አድሮ መሀል ከተማ የደረሰ ደም ሴሉ ተበላሽቶ ነው የሚደርሰው።

ፕሪቶሪያ

በእኔ ግምት በቂ ትኩረት ያላገኘው ምርጫ ይሄ ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ኦንደርስቴፖርት ላይ ያለ ሲሆን፣ በ1920 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። በሽታውም አፍሪካዊ ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው የደም ጥገኛ፣ የውሻ ባቤሲያ፣ በተለይ ክፉው ባቤሲያ ሮሲ፣ እዚያ በብዛት ይታያል፤ በደሙ ለውጥ ላይም የረጅም ጊዜ ምርምር ተሠርቶበታል።

እዚያ ሁለት በር እንዳለ እወቁ። አንደኛው በምርምር የሚሠራ ማስተርስ ነው። ሁለተኛው ኤምሜድቬት የሚባለው፣ ስፔሻሊስት የሚያደርገው ክሊኒካዊ ስልጠና ነው፤ ይዘቱ ሬዚደንሲ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ዲግሪ። ለእኛ ሰው ይህ ጥምረት ይመቻል። ምክንያቱም ተመልሳችሁ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ዘንድ አቻ ግምት ስትጠይቁ በእጃችሁ የዲግሪ ወረቀት አለ። ችግሩ የኤምሜድቬት ቦታ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው፤ በየዓመቱም ላይከፈት ይችላል። ማስታወቂያ ከመጠበቅ ክፍሉን በኢሜይል መጠየቅ ይሻላል። ለገንዘቡ ፕሪቶሪያ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ አጋር ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ስለሆነ እሱን ተከታተሉ። የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው ጥር አካባቢ መሆኑንም አትርሱ። መስከረምን ልባችሁ ይዞ ማመልከቻ ያመለጣችሁ እንዳትሆኑ።

አሜሪካና አውሮፓ

ስላይድ እያነበብኩ መኖር እፈልጋለሁ ላለ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። በቀን የሚገባው ናሙና ብዛት፣ ሁለት ሰው እኩል የሚያይበት ማይክሮስኮፕ፣ ጠዋት ጠዋት የሚደረገው የስላይድ ውይይት፤ ይህን እዚህ ማግኘት ይከብዳል። ሬዚደንት አበል ይከፈለዋል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመራት ከጀመረ ወዲህ በራሱ ኪስ ውጭ ልማር የሚል ሰው ሒሳቡን ደግሞ ደጋግሞ መሥራት አለበት። ስለዚህ አበል ያለው ቦታ ቀልብ መሳቡ አይገርምም።

ግን በሩ ጠባብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፊሉ ቦታ በሀገር አቀፉ የኢንተርንሺፕና ሬዚደንሲ ማዛመጃ፣ ማች በሚሉት፣ ያልፋል፤ ከፊሉን ዩኒቨርሲቲዎቹ በቀጥታ ያወጡታል። ከአዲስ አበባ ምሩቅ ሆኖ በወረቀት ብቻ መግባት በጣም ከባድ ነው። የሚፈልጉት የሚያውቁት ሰው የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ለዚህም ነው ቀድሞ ለአጭር ጊዜ ሄዶ መጎብኘት፣ ወይም እዚህ ሆኖ ከእነሱ ጋር አንድ ጽሑፍ ማውጣት ብዙ የሚረዳው። ክሊኒካል ፓቶሎጂስት እንስሳ ስለማያክም አንዳንድ ፕሮግራም የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ከሆነ ለውጭ ምሩቃን የተዘጋጀውን ባለ አራት ደረጃ ፈተና ማለፍ አለ። ጊዜም ዶላርም ይበላል። አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

የአሜሪካ መንግሥት በሚሰጠው ስኮላርሺፕ፣ በፉልብራይት፣ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሲጨርስ ሁለት ዓመት ሀገሩ የመቆየት ግዴታ እንዳለበት ያውቃል። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ተመልሶ ላብራቶሪ ማቋቋም ለሚፈልግ ሰው ግዴታው ከዕቅዱ ጋር ይገጥማል ባይ ነኝ።

አውሮፓ ላይ ኮሌጁ ያጸደቀው ፕሮግራምና የሚመራችሁ ስፔሻሊስት ያስፈልጋችኋል። ካነበባችሁት ኬዝ መዝገብ ጎን የታተመ ጽሑፍም ይፈለጋል። እንግሊዝ ውስጥ የሮያል ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ በእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ የሚሰጠው ፈተናም አለ። ጀርመንን ለሚያስብ፣ የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪው ድርጅት ዳአድ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ አለው፤ ሄዶ መጠየቅ ነጻ ነው። በነገራችን ላይ የሁለቱ አህጉራት ወረቀት አጻጻፍ እንኳ ይለያያል። አሜሪካኖች የኩላሊት ጤንነት የሚለካበትን ክሬአቲኒን በሚሊግራም፣ አውሮፓውያን በማይክሮሞል ይጽፋሉ። 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ኢንተርቪው ላይ ኬዝ ሲሰጧችሁ አሃዱን ሳታዩ «ኩላሊቱ አልቋል» እንዳትሉ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም። ስፔሻሊስት ሆናችሁ ስትመለሱ የት ትቀመጣላችሁ? ባሕር ማዶ ትልልቅ የእንስሳት ላብራቶሪዎች አሉ፤ ስላይዱን በስካነር አንስተው ባለሙያው ቤቱ ሆኖ ያነባል። እዚህ ያ ገበያ ገና ነው። ሬዚደንሲው ከዲግሪ ጋር ካልተጣመረ ደግሞ የመንግሥት ቀጣሪ ወረቀቱን በየትኛው ደረጃ እንደሚቀበለው አስቀድማችሁ፣ በጽሑፍ፣ ጠይቁ።

ፒኤችዲስ?

የነብር ጅራት አይያዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ማስተማርና ምርምር ከፈለጋችሁ ያዙት። ስላይድ ማንበብ ለመልመድ ብላችሁ ግን አትግቡበት። አራትና አምስት ዓመት በአንድ ፕሮቲን ላይ ሠርታችሁ፣ የውሻ ስሚር ሲመጣ የምትፈሩ ትሆናላችሁ።

እንግዲህ የትኛው?

ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ አዲስ አበባ ክሊኒክ ውስጥ የሚቆይ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ቢሾፍቱ እለዋለሁ፤ ከላይ ያልኩትን ቴሲስ ይዞ። ጎን ለጎን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያወጣውን የክሊኒካል ፓቶሎጂ ድረ ገጽ፣ ኢክሊንፓዝን፣ ያንብብ፤ የአሜሪካ የእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር በነጻ የሚያወጣቸውን የጥራት መመሪያዎችም ያውርድ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ሞልቷል። ቁጣ ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምረውን ፕሮቲን፣ የከብት ፋይብሪኖጅን፣ ለመገመት የሄማቶክሪት ሴንትሪፉጅ፣ 56 ዲግሪ የሚይዝ የውሃ ማሞቂያና ፕሮቲን የሚለካበት ሪፍራክቶሜትር ይበቃል። አንዱን ቱቦ ሦስት ደቂቃ ታሞቃላችሁ፣ እንደገና ታሽከረክራላችሁ፣ ካልሞቀው ጋር የፕሮቲኑን ልዩነት ታነባላችሁ። ትልቁ ማሽን ሪኤጀንት ሲያልቅበት ይህ አያልቅበትም።

ገና የተመረቀ፣ እንግሊዝኛው የሚያስተማምን፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲቀመጥ ምሳ የሚረሳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ፕሪቶሪያንና ሬዚደንሲን አብሮ ይሞክር። አንድ ዓመት ሳይሳካ ቢቀር አይደንግጥ። እስከዚያው ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ ክሊኒክ ውስጥ ይሥራ፣ የሚያያትን እያንዳንዷን ስላይድ ፎቶ አንስቶ ከታሪኳ ጋር ያስቀምጥ። አመልካች ሁሉ ጥሩ ነጥብ አለው። ራሱ ያነበባቸውን ኬዞች አደራጅቶ የሚያሳይ ግን ብዙ አይደለም።

ለፕሮግራም ኃላፊ ስትጽፉ ረጅም የሕይወት ታሪክ አትላኩ። አሁን ያሉትን ተማሪዎች ማነጋገር እንደምትችሉ ጠይቁ። ያለፉት ተማሪዎች የት እንደደረሱ ጠይቁ። የትላልቅ እንስሳት ናሙና ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ኃላፊ፣ ስትገቡም ስላይድ ይዛችሁ ስታንኳኩ በሩ አይከፈትም።

ወረቀቱን ደግሞ ዛሬ ጀምሩ። ሀገር ውስጥ ከሆነ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ምዝገባው ሲከፈት እንዳያመልጣችሁ። ውጭ ከሆነ የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ አስቀድማችሁ ተፈትናችሁ አታባክኑት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ፈተናው ላይ አይደለም፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ነው። በቴምፖ ብቻ የሚሠሩ ስንት አሉ! ኮስት ሼሪንጉን ጨርሳችሁ ዋናውን ዲግሪ አውጡ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አስልኩ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ካላችሁም የአገልግሎት ግዴታችሁን አጣርታችሁ መልቀቂያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ይህን ሁሉ የሚጨርስላችሁ ሰው የለም።